የዘር ሐረግ እና የምራቅ ብልቃጥ፦ የዘረመል ምርመራ ስለ ትውልድ የሚናገረው እና የማይናገረው

በሰሜን ተራሮች ግርጌ በሚገኙት በደባርቅ፣ በዳባት እና በዙሪያቸው ባሉ ቀበሌዎች ጋብቻ ሲታሰብ ከጥሎሹም ከድግሱም አስቀድሞ የሚነሳ ጥያቄ አለ። “ዝምድና የላቸውም ወይ?” የሚል ነው። ያን ጊዜ የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ተቀምጠው በአባትም በእናትም በኩል ቤት ይቆጥራሉ። እገሌ የእገሌ ልጅ፣ እገሊት የእገሌ እኅት እያሉ ወደ ላይ ይወጣሉ። ሙሽሮቹ ከሰባት ቤት በታች ከተገናኙ ጋብቻው ይቀራል። ለዚህ ቆጠራ መዝገብ የለም፤ መዝገቡ የሽማግሌው ልብ ነው።

ዛሬ ሌላ ዘር ቆጣሪ መጥቷል። በአሜሪካ፣ በአውሮፓ እና በእስራኤል የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች፣ በተለይም በዚያው የተወለዱ ልጆቻቸው፣ በትንሽ ብልቃጥ ምራቃቸውን ለኩባንያ ልከው የዘር ሐረጋቸውን የሚገልጽ ውጤት ይቀበላሉ። ውጤቱ በስልክ ወደ አገር ቤት ይላካል። “ከዚህ አገር ይህን ያህል በመቶ፣ ከዚያ አገር ይህን ያህል በመቶ” የሚለውን ወረቀት ቤተሰቡ ተሰብስቦ ያነባል። አንዳንዱ ይደሰታል፤ አንዳንዱ ግራ ይጋባል፤ “አያታችን የነገሩን ውሸት ነበር ማለት ነው?” ብሎ የሚጠይቅም አይጠፋም።

ይህ ጽሑፍ ያ ወረቀት እንዴት እንደሚዘጋጅ፣ በምን ጉዳይ ሊታመን እንደሚችል እና በምን ጉዳይ ሊታመን እንደማይገባ ያስረዳል።

ምርመራው እንዴት ይሠራል?

የሰው ልጅ ዘረመል (ዲ ኤን ኤ) ሦስት ቢሊዮን ገደማ ፊደላት እንዳሉት ረጅም ጽሑፍ ሊታሰብ ይችላል። ማንኛቸውም ሁለት ሰዎች ከዚህ ጽሑፍ ከ99 በመቶ በላይ የሚሆነውን ይጋራሉ። ኩባንያዎቹ ሙሉውን ጽሑፍ አያነቡም። ሰው ከሰው ሊለይባቸው የሚችሉ፣ ከ6 መቶ ሺህ እስከ 7 መቶ ሺህ ገደማ የሚደርሱ ነጥቦችን ብቻ መርጠው ይመለከታሉ።

ቀጥሎ ሁለት ሥራዎች ይሠራሉ። የመጀመሪያው የደንበኛውን ነጥቦች ኩባንያው አስቀድሞ ከሰበሰባቸው የማመሳከሪያ ናሙናዎች ጋር ማነጻጸር ነው። “ከዚህ አገር ይህን ያህል በመቶ” የሚለው ውጤት የሚገኘው ከዚህ ነው። ሁለተኛው የደንበኛውን ነጥቦች በዚያው ኩባንያ ከተመረመሩ ሌሎች ደንበኞች ጋር ማስተያየት ነው። “እገሌ ዘመድህ ሳይሆን አይቀርም” የሚለው ጥቆማ የሚመጣው ከዚህኛው ነው።

የመጀመሪያውን ሥራ ገበሬ በቀላሉ ይረዳዋል። አንድ ነጋዴ በመጋዘኑ የሦስት ገበያ የገብስ ናሙና ብቻ አለው እንበል። የሰሜን ደጋ ገብስ ቢቀርብለት “ይህን አላውቀውም” አይልም፤ ካሉት ሦስት ናሙናዎች ይበልጥ ለሚመስለው ይሰጠዋል። ስሕተቱ የገብሱ አይደለም፤ የናሙናው ማነስ ነው። የዘረመል ምርመራም እንዲሁ ነው። ወረቀቱ ቅድመ አያቶች የት ይኖሩ እንደነበር አይናገርም። የሚናገረው የተመርማሪው ዘረመል ዛሬ በኩባንያው መዝገብ ካሉት ሰዎች የእነማንን እንደሚመስል ነው።

“ኢትዮጵያ እና ኤርትራ” የሚለው አንድ ሣጥን

የአብዛኞቹ ኩባንያዎች ደንበኞች ዝርያቸው ከአውሮፓ የሆነ ሰዎች ናቸው። በዚህም ምክንያት የአውሮፓው ናሙና ብዙ ነው፤ የአፍሪካው ግን ጥቂት ነው። ለአንድ የአየርላንድ ተወላጅ አውራጃውን ለይቶ ሊነግር የሚሞክር ምርመራ፣ ለኢትዮጵያዊ የሚሰጠው መልስ ብዙውን ጊዜ “ኢትዮጵያ እና ኤርትራ” የሚል አንድ ሣጥን ነው። ሰሜን፣ ወገራ፣ ጠለምት፣ ጃናሞራ ወይም ጎጃም ብሎ አይለይም። አማራ፣ አገው፣ ትግራይ ወይም ቤተ እስራኤል የሚለውንም በእርግጠኝነት ሊለይ አይችልም። ለዘመናት ጎን ለጎን የኖሩ፣ የተጋቡ፣ ሃይማኖትና ቋንቋ የተወራረሱ ሕዝቦች ዘረመላቸው ተቀራራቢ ነውና።

የመቶኛው ቁጥርም ቋሚ አይደለም። ኩባንያው አዳዲስ ናሙናዎችን ሲጨምር ወይም የስሌት መንገዱን ሲቀይር፣ ተመርማሪው አንዲት ጠብታ ምራቅ ሳይጨምር ውጤቱ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2019 የካናዳ ብሮድካስቲንግ ኮርፖሬሽን በአንድ ፕሮግራሙ ተመሳሳይ መንትያ የሆኑ ሁለት እኅትማማቾችን በአምስት ኩባንያዎች አስመርምሮ ነበር። ዘረመላቸው አንድ ሆኖ ሳለ ከኩባንያ ኩባንያ የተለያየ መልስ አገኙ፤ በአንዱ ኩባንያም የሁለቱ ውጤት እርስ በርሱ አልገጠመም።

ኢትዮጵያውያንን የሚያስገርም ሌላም ነገር አለ። ወረቀቱ አንዳንድ ጊዜ “መካከለኛው ምሥራቅ” ወይም “አረቢያ” የሚል ድርሻ ያመጣል። ይህ አያት ወይም ቅድመ አያት ከባሕር ማዶ መጣ ማለት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተመ፣ ከኢትዮጵያና ከአጎራባች ሕዝቦች 235 ሰዎችን የመረመረ ጥናት በሰሜንና በመካከለኛው ኢትዮጵያ ባሉ ብዙ ሕዝቦች ዘረመል ውስጥ ከ3 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት የተፈጠረ ድብልቅ እንዳለ አሳይቷል። ስለዚህ ይህ ድርሻ በጋራ የተወረሰ ጥንታዊ ቅርስ ነው። የአንድ ቤተሰብ የተለየ ታሪክ አድርጎ ማንበብ ስሕተት ነው።

የሰባት ቤት ሒሳብ

ወላጆችን አንደኛ ቤት ብለን ብንጀምር፣ እያንዳንዱ ሰው በመጀመሪያው ቤት 2፣ በሁለተኛው 4፣ በሦስተኛው 8፣ በአራተኛው 16፣ በአምስተኛው 32፣ በስድስተኛው 64፣ በሰባተኛው ቤት ደግሞ 128 የመወለጃ መስመሮች አሉት። አሥረኛው ላይ 1 ሺህ 24 ይደርሳሉ።

ልጅ ከአባቱ ግማሽ፣ ከእናቱ ግማሽ ዘረመል ይወርሳል። የትኛው ግማሽ እንደሚደርሰው ግን ዕጣ ነው። ከአንድ አባትና እናት የተወለዱ ወንድምና እኅት የተለያየ ዕጣ ስለሚደርሳቸው የመቶኛ ውጤታቸውም ሊለያይ ይችላል። ይህ አንዳቸው የሌላ ሰው ልጅ ነው ማለት አይደለም። ዕጣው በየትውልዱ እየተደገመ ሲሄድ የአንዱ ቅድመ አያት ድርሻ ይሰፋል፤ የሌላው ይጠባል። በሰባተኛው ቤት ያለ አንድ አያት በአማካይ የሚያደርሰው ከአንድ በመቶ ያነሰ ነው። ወደ አሥረኛው ሲወጣ ከብዙዎቹ አያቶች ምንም ዘረመል ያልደረሰው ሰው ይገኛል። አያትነታቸው ግን እውነት ነው።

ይህ የዝምድና ጥቆማውንም ይወስነዋል።

በአያት የሚገናኙ የአጎትና የአክስት ልጆች በአማካይ 12 ነጥብ 5 በመቶ ይጋራሉ። ምርመራው ሳያገኛቸው አይቀርም።

በቅድመ አያት የሚገናኙ 3 በመቶ ገደማ ይጋራሉ። እነዚህም ይገኛሉ።

በአራተኛው ቤት ከሚገናኙት ከአሥሩ አንዱ ያህል የሚታይ የጋራ ዘረመል የላቸውም።

በአምስተኛው ቤት ከሚገናኙት ግማሽ ያህሉ አይገኙም።

በሰባተኛው ቤት የሚገናኙት ከጥቂቶች በቀር ለምርመራው ባዕድ ናቸው።

ስለዚህ “ምርመራው ዝምድና የለንም ስላለ የሽማግሌዎቹ ቆጠራ ስሕተት ነው” የሚል ክርክር መሠረት የለውም። የደባርቅ ወይም የዳባት ሽማግሌ ሰባት ቤት ቆጥሮ የሚያገኘውን የሩቅ ዝምድና የምራቁ ብልቃጥ አብዛኛውን ጊዜ ሊያየው አይችልም። ምርመራው ከሽማግሌው የሚበልጠው በቅርቡ ዝምድና ላይ ነው። በሩቁ ግን ሽማግሌው ይበልጠዋል።

የደረስጌ ዙፋን እና ሁለት ቁንጮ ጸጉር

የዘር ሐረግ ክርክር ለሰሜን ምድር አዲስ አይደለም። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሳ ኃይሉ የሰሜኑን ገዥ ደጃዝማች ውቤ ኃይለ ማርያምን በደረስጌ ጦርነት አሸንፈው፣ ውቤ ባሠሩት በደረስጌ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ንጉሠ ነገሥቱ ከሰሎሞናዊው ሥርወ መንግሥት እወለዳለሁ ይሉ ነበር፤ ባላንጣዎቻቸው ይህን አይቀበሉም ነበር። በኋላም የደጃዝማች ውቤን ልጅ እቴጌ ጥሩወርቅን አግብተው ልዑል ዓለማየሁን ወለዱ። ልዑሉ ከመቅደላ ጦርነት በኋላ ወደ እንግሊዝ ተወስዶ እ.ኤ.አ. በ1879 በ18 ዓመቱ ዐረፈ፤ በዊንዘር ተቀበረ።

እ.ኤ.አ. በ2019 በለንደን የሚገኘው ብሔራዊ የጦር ሠራዊት ሙዚየም የዐፄ ቴዎድሮስን ጸጉር ለኢትዮጵያ መለሰ። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ የልዑል ዓለማየሁ ጸጉር ተመለሰ። “ጸጉሩ ይመርመርና የንጉሡ ዘር ይታወቅ” የሚል ሐሳብ ለአንባቢ ሊመጣ ይችላል። ምርመራው ምን ይመልስ ነበር?

ያለ ሥሩ ከተቆረጠ የቆየ ጸጉር በቀላሉ የሚገኘው በአብዛኛው ማይቶኮንድሪያ የሚባለው የሕዋስ ክፍል ዘረመል ነው። ይህ ዘረመል የሚተላለፈው ከእናት ብቻ ነው። የልዑል ዓለማየሁ ጸጉር ስለዚህ የሚናገረው ስለ እቴጌ ጥሩወርቅ፣ ስለ እናታቸው እና ስለ እናታቸው እናት መስመር ነው። ስለ ቴዎድሮስ አይናገርም፤ ስለ ደጃዝማች ውቤም አይናገርም። የቴዎድሮስ ጸጉርም የእናታቸውን መስመር እንጂ የአባታቸውን አያሳይም። ሁለቱ ጸጉሮች በዚህ ዘረመል ቢለያዩ እንኳ ቴዎድሮስ የዓለማየሁ አባት አይደሉም አያሰኝም፤ አባት ይህን ለልጁ አያወርስምና።

ከአባት ወደ ወንድ ልጅ ብቻ የሚሄደው ደግሞ ዋይ ክሮሞሶም ነው። እሱም ከሰባተኛው ቤት 128 መስመሮች አንዱን፣ የአባት አባት አባት እያለ የሚወጣውን ብቻ ይከተላል። የእናት መስመሩም እንዲሁ አንድ ነው። የቀሩት 126 መስመሮች በሁለቱም አይታዩም። “የአባት መስመርህ ከዚህ አገር ነው” የሚል ወረቀት ከአንድ ትልቅ ዛፍ አንዲት ቅርንጫፍ ያየ ሰው ምስክርነት ነው። ስለ ሰሎሞናዊው የዘር ሐረግም ማንኛውም ኩባንያ ሊመሰክር አይችልም፤ የንጉሥ ሰሎሞን ናሙና በየትኛውም ቤተ ሙከራ የለምና።

ሳይንሱ በእኛ አገር ምን አሳየ?

የዘረመል ሳይንስ ራሱ ትልቅ ዕውቀት ነው፤ ከእነዚህ ተራሮችም ብዙ ተምሯል። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ጥናት በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በአምባራስ አካባቢ፣ ከባሕር ጠለል በላይ በ3 ሺህ 530 ሜትር የሚኖሩ 236 ሰዎችን ተመልክቶ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ምሁርም ተሳትፈውበታል። በዚህ ከፍታ አየሩ ስስ ቢሆንም የነዋሪዎቹ የደም ሄሞግሎቢን መጠንና በደማቸው ያለው ኦክስጅን በዝቅተኛ ቦታ ከሚኖሩ ሰዎች ጋር ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ይህም በአንዲስ ተራሮችም በቲቤትም ከታየው የተለየ የመላመድ መንገድ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 የታተሙ ሌሎች ጥናቶች ለዚህ መላመድ አስተዋጽኦ ያላቸውን የዘረመል ነጥቦች ፈልገዋል።

እነዚህ ጥናቶች የሕዝብን አጠቃላይ ባሕርይ ያጠኑ ናቸው። አንድ ሰው ምራቁን ልኮ “የአምባራስ ሰው ነኝ ወይስ አይደለሁም?” ቢል መልስ የሚሰጡ አይደሉም።

ሳይንቲስቶቹም ይሳሳታሉ፤ ስሕተታቸውንም ያርማሉ። እ.ኤ.አ. በ2015 በጋሞ ደጋ ከሚገኘው ከሞታ ዋሻ የተገኘ የ4 ሺህ 500 ዓመት ዕድሜ ያለው ሰው ዘረመል ታትሞ ዓለምን አስደንቆ ነበር። ጥናቱ ከዩራሲያ ወደ አፍሪካ የተመለሱ ሰዎች ዘረመል በመላው አህጉር ተሰራጭቷል ብሎ ነበር። በማነጻጸሪያው ሥራ አንድ የስሌት ደረጃ መዘለሉ ስለታወቀ ግን እ.ኤ.አ. በ2016 አጥኚዎቹ ራሳቸው ይህን ድምዳሜ አረሙ።

ከሁሉ ይበልጥ የሚያስተምረው የደቡብ ኢትዮጵያ የአሪ ሕዝብ ታሪክ ነው። በአሪ ዘንድ አንጥረኞችና አራሾች ተለያይተው ይኖራሉ፤ አንጥረኞቹም ሲገለሉ ኖረዋል። ሰውን በመመሳሰል የሚመድቡ የኮምፒዩተር ፕሮግራሞች አንጥረኞቹን ለብቻ መደቧቸው። “እንግዲያው ዘራቸው ሌላ ነው” የሚል ትርጓሜም ቀረበ። እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥልቅ ጥናት ግን ሁለቱ ወገኖች ባለፉት 4 ሺህ 500 ዓመታት ውስጥ ከአንድ ምንጭ የወጡ መሆናቸውን አሳየ። አንጥረኞቹ የተለዩ የመሰሉት ስለተገለሉ፣ ቁጥራቸው አንሶ እርስ በርስ ብቻ ስለተጋቡ ነው። መገለሉ ልዩነቱን ፈጠረ እንጂ ልዩነቱ መገለሉን አላመጣም። በእኛም አካባቢ አንጥረኛን፣ ሸማኔን ወይም ሸክላ ሠሪን “ዘሩ ሌላ ነው” ብሎ ማራቅ የቆየ ጥፋት ነው። በሣጥን የሚመድብ ወረቀት ለእንዲህ ያለው ጥፋት የሳይንስ ልብስ እንዳያለብሰው መጠንቀቅ ይገባል።

ማንነትን የወሰነው ላቦራቶሪ አልነበረም

ሰሜን፣ ወገራ እና ደምቢያ ለረጅም ዘመን የቤተ እስራኤል መኖሪያ ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ2010 “ኔቸር” በተባለው የሳይንስ መጽሔት የታተመ ሰፊ ጥናት የኢትዮጵያ አይሁዳውያን ዘረመል ከሌሎች አገሮች አይሁዳውያን ይልቅ ለኢትዮጵያውያን ጎረቤቶቻቸው እንደሚቀርብ አሳይቷል።

ይህ ግን የሕዝቡን ማንነት አልነካውም። የቤተ እስራኤል አይሁዳዊነት ዕውቅና ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1973 ዋናው ረቢ ኦቫዲያ ዮሴፍ በሰጡት ሃይማኖታዊ ውሳኔ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1975ም የእስራኤል የመመለስ መብት ሕግ እንዲመለከታቸው ተወሰነ። ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች በአንድ ቀን ተኩል ገደማ የተጓጓዙበት የ1983 ዓ.ም. የሰለሞን ዘመቻም የተፈጸመው በዚሁ መሠረት ነው። ሃይማኖት፣ ቋንቋ፣ ባሕልና የጋራ ትዝታ በምራቅ አይለኩም። ብሔርም እንዲሁ ነው። የዘረመል ወረቀት ይዞ “እኔ ይህ ነኝ፤ አንተ ያ አይደለህም” ማለት ወረቀቱ ያልተናገረውን ማናገር ነው።

ምርመራው የሚረዳበት ቦታ

ምርመራው ኃይሉ በቅርብ ዝምድና ላይ ነው። ወላጅና ልጅን፣ ወንድምና እኅትን፣ አክስትና የወንድም ልጅን በእርግጠኝነት ሊያገናኝ ይችላል። ይህ ለአንዳንዶች ከማንኛውም ነገር ይበልጣል። እ.ኤ.አ. ከ1999 ወዲህ ከ15 ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ሕፃናት በጉዲፈቻ ወደ አሜሪካ ሄደዋል፤ ወደ አውሮፓ የሄዱም ብዙ ናቸው። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት የውጭ ጉዲፈቻን በጥር 2010 ዓ.ም. ከልክሏል። ዛሬ ያደጉት ልጆች ወላጆቻቸውን ይፈልጋሉ። በሰነዳቸው ላይ ያለው ስም፣ ዕድሜ ወይም የትውልድ ቦታ ትክክል ያልሆነባቸውም አሉ።

ችግሩ ምርመራው የሚያገናኘው ሁለቱም ወገኖች በአንድ መዝገብ ሲገኙ ብቻ መሆኑ ነው። ልጁ በአሜሪካ ተመርምሮ እናቱ በገጠር ቀበሌ ምርመራው መኖሩን እንኳ ካልሰማች መዝገቡ ዝም ይላል። “ዘመድ አልተገኘም” የሚለው መልስ “ዘመድ የለህም” ማለት አይደለም። በዚህ ምክንያት “ቤተሰብ ፍለጋ” በሚል ስም የሚታወቀው መዝገብ ልጆችንና ወላጆችን በስም፣ በቦታና በታሪክ ለማገናኘት ይሠራል። ዘረመሉ የሚጠቅመው በስምና በቦታ የተገኘውን ዝምድና መጨረሻ ላይ ለማረጋገጥ ነው።

ውርስ፣ መሬት እና ፍርድ ቤት

በቀድሞው ሥርዓት በበጌምድር እና በጎጃም የርስት መብት የሚገኘው ከአቅኚ አባት መወለድን በመቁጠር ነበር። በወንድም በሴትም መስመር ይቆጠራል፤ ስለዚህ የዘር ሐረግ ማወቅ እንጀራ ነበር። ብዙ ሙግትም አስነስቷል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ ይህን ሥርዓት አስቀርቷል። ዛሬ በአማራ ክልል የገጠር መሬት ይዞታና ውርስ የሚመራው በአዋጅ ቁጥር 252/2009 እና በይዞታ ማረጋገጫ ደብተር ነው። ስለዚህ የዘረመል ወረቀት ይዞ ከውጭ የመጣ ሰው “የአባቶቼ ርስት” ብሎ መሬት ሊጠይቅበት አይችልም።

አባትነትን የሚመለከት ክርክር ሌላ ነው። የፌዴራሉ የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ጋብቻው ከተፈጸመ ከ180 ቀን በኋላ ወይም ከፈረሰ በ300 ቀን ውስጥ የተወለደ ልጅ አባቱ ባልየው እንደሆነ ይገምታል፤ የአማራ ክልልም የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው። ልጅንና አባት ተብሎ የተጠቀሰውን ሰው በቀጥታ የሚያነጻጽር የአባትነት ምርመራ እጅግ አስተማማኝ ነው። ይህ ግን በፖስታ ከሚላከው የዘር ሐረግ ምርመራ ይለያል። በፖስታው ብልቃጥ ውስጥ ያለው ምራቅ በእርግጥ የማን እንደሆነ ያየ ምስክር የለም፤ ስለዚህ ለክርክር ማስረጃነት አይመችም። ጉዳዩ ፍርድ ቤት የደረሰ ሰው የሕግ ባለሙያ ሊያማክር ይገባዋል።

የአንዱ ምራቅ የሁሉ ምስጢር

አንድ ሰው ዘረመሉን ሲሰጥ የወንድሙን፣ የእናቱን፣ ያልተወለዱ ልጆቹንም መረጃ በከፊል ይሰጣል። የይለፍ ቃል ቢሰረቅ ይቀየራል፤ ዘረመል ግን አይቀየርም። ትዌንቲ ስሪ ኤንድ ሚ ከተባለው ትልቅ የአሜሪካ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ2023 የ6 ነጥብ 9 ሚሊዮን ደንበኞች መረጃ በሰርጎ ገቦች እጅ ገብቷል። ኩባንያው በመጋቢት 2017 ዓ.ም. የኪሳራ ጥበቃ ጠየቀ፤ የሚሊዮኖች መረጃም ከኩባንያው ጋር ወደ ሌላ ባለቤት ዞረ። በፈረንሳይ እንዲህ ያለው ምርመራ ለግል ፍላጎት ብቻ ማድረግ የተከለከለ ነው። በእስራኤል ዝምድናን ለማረጋገጥ የሚደረግ ምርመራ የፍርድ ቤት ትእዛዝ ይጠይቃል። በኢትዮጵያም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የዘረመል መረጃን ልዩ ጥንቃቄ ከሚሹ መረጃዎች ይመድበዋል።

ቤተሰብን ለድንገተኛ ዜና የሚያጋልጥም ነው። ያልተጠበቀ ወንድም ወይም ያልታሰበ አባት ሊገለጥ ይችላል። ከውጭ የሚመጣ ዘመድ ለአረጋዊ እናት ብልቃጥ ከመስጠቱ በፊት ምን ሊገኝ እንደሚችል በሚገባቸው ቋንቋ ሊያስረዳቸውና ፈቃዳቸውን ሊያገኝ ይገባል።

ከብልቃጡ በፊት ሊደረግ የሚገባው

ዘሩን ለማወቅ የሚሻ ሰው መጀመሪያ ወደ ሽማግሌዎቹ ይሂድ። ምርመራው ነገም ይኖራል፤ ሽማግሌው ላይኖር ይችላል።

የአባትን ብቻ ሳይሆን የእናትንም ወገን ይጠይቅ። ብዙ ጊዜ የሚጠፋው የእናት በኩል ነው።

ስምን ከቦታ ጋር ይጻፍ። በእኛ ልማድ የሚወረስ የቤተሰብ ስም የለም፤ የልጅ ስም ከአባትና ከአያት ስም ጋር ይጠራል። “ገብሬ ተሰማ” የሚባል ሰው በየደብሩ አለና፣ ቀበሌው፣ ጎጡ እና ደብሩ ካልተጻፈ ስሙ ብቻውን አይበቃም።

የዓለም ስምና የክርስትና ስም ሁለቱም ይመዝገቡ። አንድ ሰው ሁለት ሆኖ እንዳይቆጠር ይረዳል።

ዘመንን በሚታወስ ነገር ይለካ። “በጣሊያን ጊዜ”፣ “መሬት በተደላደለ ዓመት”፣ “በ77ቱ ድርቅ” የሚሉ መልሶች ወደ ዓመተ ምሕረት ሊመለሱ ይችላሉ።

የሽማግሌውን ድምፅ በፈቃዳቸው በስልክ ይቅዳ፤ ጽሑፉንም ከአንድ በላይ ቦታ ያስቀምጥ።

ሽማግሌዎች ቢለያዩ ሁለቱንም ቃል ይጻፍ፤ አንዱን አይሰርዝ።

አዲስ የተወለደ ልጅም በወቅቱ በቀበሌ ይመዝገብ። አገር አቀፉ የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ነው። በእነዚህ መዝገቦች የሚሰፍረው የዛሬው ልጅ ስም ከመቶ ዓመት በኋላ ዘሩን ለሚፈልግ ሰው ከማንኛውም የመቶኛ ወረቀት የጠራ መልስ ይሆነዋል።

ከዚህ በኋላ ምርመራውን የፈለገ ሰው ያድርግ። ውጤቱን ግን በልኩ ይመልከተው። ለቅርብ ዝምድና ብርቱ ምስክር ነው፤ ለሩቁ ደካማ ነው፤ ስለ አገር፣ ስለ ብሔርና ስለ ሃይማኖት ግን ምስክር አይደለም። የአያቶችን ስም፣ ያረሱትን ማሳ፣ የተሳለሙትን ደብር እና የተጋቡትን ወገን የሚያውቀው አሁንም በምድጃው ዙሪያ የተቀመጠው ሽማግሌ ነው።